ሁለቱ ቁጥሮችና የላስታ ክረምት

ጥር 11 ቀን በላሊበላ ጥምቀተ ባሕሩ ተባርኮ ጠበሉ ወደ ሕዝቡ መረጨት ሲጀምር፣ ከነጭ ነጠላው በላይ ስልክ ያልያዘ እጅ ማግኘት ያስቸግራል። ወጣቱ ለወዳጆቹ በቀጥታ ያስተላልፋል፤ አስጎብኚው እንግዶቹን ፎቶ ያነሳል፤ ከሌላ ከተማ የመጣው የካሜራ ባለሙያ የድምፅ መቅጃውን በፌስታል ጠቅልሎ ይጋፋል። ጠበሉ በእፍኝ ይመጣል፣ በጆግ ይመጣል፣ አንዳንዴም በጎማ ቱቦ ይመጣል። ለበረከት የሚሽቀዳደመው ሰው ስልኩም አብሮት መጠመቁን የሚያስታውሰው ስክሪኑ ሲጨልም ነው። በማግስቱ በስልክ ጠጋኝ ደጅ የሚሰማው አቤቱታ ተመሳሳይ ነው፦ ዕቃው ውኃ አያስገባም ተብሎ የተገዛ ነበር።

ምን ዓይነት ውኃ? ከየት አቅጣጫ? ለስንት ደቂቃ? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጡት በካርቶኑ ወይም በመመሪያው ላይ ‹‹አይፒ›› ከሚለው ምልክት ቀጥለው የሚጻፉት ሁለት ቁጥሮች ናቸው። አይፒ 54፣ አይፒ 67፣ አይፒ 68 እየተባለ ይነበባል። ቁጥሮቹ ግን እንደ አንድ ቁጥር ‹‹ስልሳ ሰባት›› ተብለው የሚነበቡ አይደሉም። የፊተኛው ስለ አቧራና ስለ ጠጣር ነገር፣ የኋለኛው ስለ ውኃ ለየብቻ ይናገራሉ።

መቀመጫውን ጄኔቫ ያደረገው ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ዛሬ በቁጥር 60529 የሚታወቀውን ይህን መስፈርት ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ‹‹ጠንካራ ነው››፣ ‹‹ውጭ ቢውል ምንም አይለውም›› የሚሉት የሻጭ ቃላት እንደ ተናጋሪው ይሰፋሉ፤ ይጠባሉ። መስፈርቱ በእነሱ ፈንታ በሊትር፣ በደቂቃና በሜትር የሚለካ ፈተና አስቀመጠ። ዛሬ ከእጅ ስልክ እስከ መንገድ መብራት፣ ከቀያሽ መሣሪያ እስከ ኤሌክትሪክ ቆጣሪ ሳጥን ድረስ በዚሁ ይለካል።

በበጋ አቧራ

የፊተኛው ቁጥር ከ0 እስከ 6 ይሄዳል። የታችኞቹ ደረጃዎች የሚከላከሉት እጅና መሣሪያ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ነው። 2 ቁጥር ያለው ሳጥን የሰው ጣት አያስገባም፤ መመዘኛው 12.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ነው። 3 ቁጥር 2.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን፣ 4 ቁጥር ደግሞ 1 ሚሊ ሜትር ሽቦን ይከለክላል። እስከዚህ ድረስ አቧራ አልተነሣም።

አቧራ የሚመጣው በ5 እና በ6 ነው። ዕቃው የታልክ ዱቄት በሚበተንበት ዝግ ክፍል ውስጥ ይቀመጥና፣ ከውስጡ አየር በፓምፕ እየተሳበ እስከ 8 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። 5 ቁጥር ያገኘ ዕቃ ጥቂት አቧራ ቢገባበትም ሥራው አይስተጓጎልም ማለት ነው። 6 ቁጥር ያገኘው ሲከፈት ውስጡ ንጹሕ ሆኖ መገኘት አለበት።

ለላስታ ሰው ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም። ለገና በዓል ምእመናን በብዙ ሺህ ሆነው በእግርም በመኪናም ወደ ላሊበላ የሚጎርፉት በታኅሣሥ መጨረሻ፣ መሬቱ ደርቆ መንገዱ በሚቦንበት ሰሞን ነው። የዚያ መንገድ አቧራ በስልክ ድምፅ ማጉያ ቀዳዳ፣ በቻርጀር መሰኪያና በካሜራ ሌንስ ቀለበት ሥር ይገባል። ከቀናት በኋላ እርጥበት ሲያገኝም መልሶ ጭቃ ይሆናል።

አንዳንድ ዕቃ በፊተኛው ቁጥር ቦታ ‹‹ኤክስ›› የሚል ፊደል ይኖረዋል። ተራራ ወጪዎችና የመስክ ባለሙያዎች የሚይዙት የጋርሚን ኢትሬክስ 10 የአቅጣጫ መሣሪያ አይፒኤክስ 7 ነው። ‹‹ኤክስ›› ዜሮ ማለት አይደለም፤ በአቧራ በኩል የተገለጸ ደረጃ የለም ማለት ብቻ ነው። መሣሪያው አቧራ ይችል ይሆናል፤ ምልክቱ ግን ስለዚያ ቃል አልገባም።

ከነአኩቶ ለአብ ጠብታ እስከ ጥምቀተ ባሕሩ

የኋለኛው ቁጥር የሚለካቸውን የውኃ ዓይነቶች ለማየት ላቦራቶሪ መሄድ አያስፈልግም። አብዛኞቹ በላሊበላ ዙሪያ ይገኛሉ።

ከከተማዋ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ራቅ ብሎ በገደል ሥር ያለው የነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያው አለት ነው። ከአለቱ ውኃ ጠብ ጠብ ይላል፤ ከሥሩ በተደረደሩ የድንጋይ ገንዳዎች ይጠራቀምና ለጠበል ይውላል። በዚህ ሥፍራ ቀጥ ብሎ የቆመ ዕቃ የሚገጥመው የመጀመሪያው ደረጃ ፈተና ነው፤ ከላይ ወደ ታች ብቻ የሚወርድ ጠብታ፣ በደቂቃ 1 ሚሊ ሜትር፣ ለ10 ደቂቃ። ሁለተኛው ደረጃ ጠብታውን በደቂቃ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ያሳድገዋል፤ ዕቃውንም 15 ዲግሪ ያዘነብለዋል።

ከዚያ ወደ አሸተን ማርያም መውጣት ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጠው በዚያ ከፍታ ላይ የሐምሌ ዝናብ ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ ነፋስ ይዞት በጎን ይመጣል። 3 ቁጥር እስከ 60 ዲግሪ አጋድሎ የሚመጣ ዝናብን፣ 4 ቁጥር ከየትኛውም አቅጣጫ የሚረጭ ውኃን ይወክላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። የላቦራቶሪው ርጭት የሚለካው በደቂቃዎች ነው፤ የላስታ ነሐሴ ግን ከቀትር ጀምሮ እስከ ማታ ሊያዘንብ ይችላል። 4 ቁጥር ያለው ስልክ በዝናብ መሃል ተደውሎለት ቢነሣ ላይጎዳ ይችላል። ያ ማለት ግን በበቅሎ ኮርቻ ላይ ታስሮ ግማሽ ቀን ሊዘንብበት ይችላል ማለት አይደለም።

5 እና 6 የቱቦ ውኃ ናቸው። በ5 ቁጥር ፈተና 6.3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ካለው አፈሙዝ በደቂቃ 12.5 ሊትር ውኃ ከ3 ሜትር ገደማ ርቀት ይለቀቅበታል። በ6 ቁጥር አፈሙዙ 12.5 ሚሊ ሜትር ይሆንና ውኃው ወደ 100 ሊትር ያድጋል፤ በአንድ ደቂቃ አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን እንደ መድፋት ነው።

7 ቁጥር ዕቃውን 1 ሜትር ጥልቀት ባለው ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ያጠልቀዋል። 8 ከዚያ የከበደ ነው፤ ጥልቀቱንና ጊዜውን የሚወስነው ግን አምራቹ ስለሆነ ሁለት አይፒ 68 ስልኮች አንድ ዓይነት ላይሆኑ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ 7 ለ1.5 ሜትር ተብሎ ነው 8 የተጻፈበት፤ በ2020 የወጣው አይፎን 12 ደግሞ ለ6 ሜትር። ሁለቱም ለ30 ደቂቃ ናቸው። የመጨረሻው 9 ቁጥር 80 ዲግሪ የሞቀና በከፍተኛ ግፊት የሚለቀቅ ውኃን የሚፈትን ሲሆን፣ መነሻው በእንፋሎትና በሙቅ ውኃ የሚታጠቡ ማሽኖችና ተሽከርካሪዎች ናቸው።

ብዙ ገዢ የሚሳሳተው ቁጥሩ ሲያድግ የታችኛውን ሁሉ የሚያጠቃልል ስለሚመስለው ነው። እስከ 6 ድረስ እውነት ነው፤ 6 ያለፈ 3ንም ያልፋል። 7 እና 8 ግን ከመስመሩ ወጣ ያሉ ናቸው። በረጋ ውኃ ውስጥ መጥለቅና በጠንካራ ግፊት መመታት የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ፣ አይፒኤክስ 7 ያለው ዕቃ የቱቦ ፈተናውን አልፏል ማለት አይቻልም። ሁለቱንም ያለፈ ዕቃ ሁለቱንም ይጽፋል፤ ‹‹አይፒ 65/አይፒ 67›› ተብሎ። ስለዚህ በጥምቀት ዕለት ገንዳው ውስጥ ወድቆ ደኅና የወጣ ስልክ፣ ከሦስት ሜትር በተለቀቀ የጎማ ቱቦ ሊበላሽ ይችላል።

ለሥራ የሚያዙ መሣሪያዎች

የቁጥሩ ነገር በስልክ አያበቃም። የደቡብ አፍሪካው የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የዛማኒ ፕሮጀክት ባለሙያዎች የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት በሌዘር ስካነር እየለኩ በሦስት አውታር መጠን መዝግበዋቸዋል። ዛሬ በገበያ ላይ ካሉት የታወቁ ሌዘር ስካነሮች ብዙዎቹ አይፒ 54 ናቸው። ቁጥሩ ለባለሙያው ግልጽ ነገር ይነግረዋል፤ ጥቂት አቧራ ይችላል፣ ድንገተኛ ካፊያ ይችላል፣ ውሽንፍር ውስጥ ተተክሎ መዋል ግን የተሠራበት አይደለም። የቤተ ጊዮርጊስን ጉድጓድ የሚለካ ቡድን ሥራውን በበጋ ያደርጋል፤ ከዋሻና ከጥላ ሥር ካልሆነ በቀር ክረምቱን አይደፍርም።

ከአንድ ኩባንያ የወጡ ሁለት ዕቃዎችም እጅግ ሊራራቁ ይችላሉ። የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ከሚያከብሯቸው የፍሉክ መልቲሜትሮች መካከል የ87 ቁጥሩ አምስተኛ ትውልድ አይፒ 30 ነው፤ በውኃ በኩል ዜሮ። 28 ሁለት የተባለው ወንድሙ አይፒ 67 ነው። መልካቸው ይቀራረባል። በዝናብ ምሰሶ ሥር የሚሠራ ሰው የትኛውን እንደያዘ ማወቅ አለበት።

ከፍታው የሚያመጣው ግፊት

ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት 75 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው፤ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ። ይህ በታሸገ ዕቃ ላይ ሁለት ነገር ያደርጋል።

አንደኛው ከመንገድ ጋር ይያያዛል። ላሊበላ ላይ አየር ሳያስወጣ ሳያስገባ ጥርቅም ተደርጎ የተዘጋ ሳጥን፣ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለው ወደ ቆቦ ሜዳ ሲወርድ ከውጭ የሚጫነው ግፊት ወደ 10 ኪሎ ፓስካል ይጨምራል። 10 ኪሎ ፓስካል አንድ ሜትር ውኃ የሚያሳድረው ግፊት ነው። ሳጥኑ ውኃ ሳይነካው፣ ቁልቁለቱን በመውረዱ ብቻ የ7 ቁጥርን ፈተና ያህል ተጫነ ማለት ነው። በክዳኑ ጠርዝ ላይ የዝናብ ውኃ ካለ ይህ ግፊት ወደ ውስጥ ይገፋዋል። የካሜራ ባለሙያዎች የሚይዟቸው ጠንካራ የፕላስቲክ ሻንጣዎች ፊታቸው ላይ ትንሽ የአየር ማመጣጠኛ ቫልቭ ያላቸው ለዚህ ነው። ቫልቭ የሌለው ሻንጣ ከደጋ ወርዶ ቆላ ሲገባ ክዳኑ አልከፈት ብሎ የሚያታግለውም ለዚሁ ነው።

ሁለተኛው በየቀኑ ይደርሳል። በክረምት ረፋዱ ላይ ፀሐይ ይወጣል፤ በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጥቁር የፕላስቲክ ሳጥን ውስጡ 40 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ከቀትር በኋላ ደመናው ይዘጋና ዝናብ፣ አንዳንዴም በረዶ ይወርድበታል። ውስጡ በደቂቃዎች ወደ 15 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ በውስጡ የታፈነው አየር ግፊቱን 8 በመቶ ያህል ያጣል። በላሊበላ ከፍታ ይህ ወደ 6 ኪሎ ፓስካል ነው፤ የ60 ሴንቲ ሜትር ውኃ ጫና። አቧራ በሚፈተንበት ክፍል ከውስጥ አየር የሚሳበው እስከ 2 ኪሎ ፓስካል ብቻ መሆኑን ላስተዋለ፣ ፀሐይና ዝናብ ተባብረው ከዚያ በሦስት እጥፍ እንደሚስቡ ይገባዋል። ውጭ የተሰቀሉ መሣሪያዎች ቀዳዳ ሳይታይባቸው ውስጣቸው ውኃ አዝሎ የሚገኘው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

መፍትሔው የበለጠ ማሸግ አይደለም፤ አየር እያስገባ ውኃ የማያስገባ መተንፈሻ ማበጀት ነው። አሜሪካዊው ቦብ ጎር እ.ኤ.አ. በ1969 ቴፍሎንን በፍጥነት ስቦ ዓይን የማያያቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች የሞሉበት ስስ ሽፋን አገኘ። በዝናብ ልብስነቱ ጎርቴክስ ተብሎ የታወቀው ይኸው ሽፋን በተለያየ መልኩ ዛሬ በስልኮች ማይክሮፎን ላይ፣ በመኪና መብራትና በውጭ መሣሪያ ሳጥኖች ላይ ተለጥፎ ግፊቱን ያመጣጥናል።

ፍርድ ቤት የደረሰው ማስታወቂያ

ፈተናው የሚደረገው በአዲስ ዕቃ፣ በንጹሕ ጨው አልባ ውኃ፣ ባለሙያ በተቆጣጠረው ክፍል ነው። ማስታወቂያው ግን ይህን አይናገርም። የጣሊያን የገበያ ውድድር ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 አፕልን 10 ሚሊዮን ዩሮ የቀጣው በዚህ ነበር። ኩባንያው አይፎኖች ከ1 እስከ 4 ሜትር ጥልቀት እንደሚችሉ ሲያስተዋውቅ፣ ውጤቱ የሚገኘው በላቦራቶሪ ሁኔታ መሆኑን አጥርቶ አልገለጸም፤ ውኃ የገባበትን ስልክ ደግሞ ዋስትናው አይሸፍንም ነበር።

ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በሰኔ 2022፣ የአውስትራሊያ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሳምሰንግ 14 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር እንዲከፍል ወሰነ። ማስታወቂያዎቹ ስልኮቹን በመዋኛ ገንዳና በባሕር ውኃ ያሳዩ ነበር። ሆኖም ጋላክሲ ኤስ 7ን ጨምሮ ሰባት ሞዴሎች ከእንዲህ ያለ ውኃ ወጥተው ሳይደርቁ ቻርጅ ከተደረጉ የቻርጀር መሰኪያቸው ሊዝግና ሥራ ሊያቆም ይችል ነበር።

ከዚህ ለአገራችን ገዢ የሚተርፈው ሁለት ነገር ነው። ቁጥሩ ስለ ሳሙና፣ ስለ ጠላ፣ ስለ ጨውና ስለ ትኩስ ቡና የሚለው የለም። ዕድሜም ይቀንሰዋል። ስልክን የሚያሽገው ሙጫና ስስ ላስቲክ በመውደቅ፣ በሙቀትና በጊዜ ይደክማል። በገበያችን ከሚሸጡት ያገለገሉ ስልኮች ስንቱ ስክሪኑ ተቀይሮ፣ ባትሪው ተለውጦ ዳግም እንደ ነበረ ሳይታሸግ እንደተዘጋ ሻጩ ራሱ ላያውቅ ይችላል። አንዴ የተከፈተ አይፒ 68 ስልክ ማሸጊያ ሙጫው በአዲስ ካልተተካ፣ ከቁጥሩ የሚቀረው በካርቶኑ ላይ ያለው ብቻ ነው። በብዙ ስልኮች የሲም መሳቢያ ውስጥ ትንሽ ነጭ ምልክት አለች፤ ውኃ ሲነካት ቀይ ትሆናለች። ያገለገለ ስልክ የሚገዛ ሰው ባትሪ አብርቶ ቢያያት አይከፋም።

ውኃን ከሩቁ መመለስ

የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት የፈለፈሉት ሰዎች አለቱን ሊያሽጉት እንደማይችሉ ያውቁ ነበር። ስለዚህ ውኃው እንዳይቆም አደረጉ። በቤተ ጊዮርጊስ ጣሪያ ላይ የተጠራቀመው ዝናብ በድንጋይ አሸንዳ ይወርዳል፤ በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የተቆፈሩት ቦዮች ወለላቸው ተዳፋት ሆኖ ጎርፉን ይሸኛሉ። ከዘመናት በኋላ ቦዮቹ ሲደፈኑና አለቱ ሲሰነጠቅ ውኃው ወደ ውስጥ መስረግ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2008 አካባቢ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በአንዳንዶቹ ላይ ግዙፍ መጠለያዎች ተተከሉ። መጠለያዎቹ ራሳቸው አደጋ ያመጣሉ ብለው የሠጉ የላሊበላ ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 መፍትሔ ይፈለግ ሲሉ ሰልፍ ወጥተዋል። የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ከመነሻው በትልቅ ዋሻ ውስጥ ስለታነጸ ዝናቡ በቀጥታ አያገኘውም።

ውጭ የሚሰቀል መሣሪያን የሚገጥም ባለሙያም በዚሁ መንገድ ይሠራል። የደወል ቤት ድምፅ ማጉያ፣ የጥበቃ ካሜራ ወይም የፀሐይ ኃይል መቆጣጠሪያ አይፒ 65 ሳጥን ውስጥ ቢገባም፣ ሽቦ ለማስገባት ከላይ አንድ ቀዳዳ በተበሳበት ቅጽበት ቁጥሩ ይፈርሳል። ሽቦው የሚገባው ከሥር፣ በሚጠብቅ የላስቲክ ማጥበቂያ ነው። ከመግባቱ በፊትም ወደ ታች ጎንበስ ብሎ እንደገና እንዲወጣ ይደረጋል፤ በሽቦው ላይ የሚንሸራተተው ውኃ ከታችኛው ጎንበስታ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ሳጥኑ አይከተለውም። ከሳጥኑ በላይ የአንድ ክንድ ቆርቆሮ መጨመር ደግሞ ፀሐዩንም ዝናቡንም ያስታግሳል።

ዕቃ የሚገዛ ሰው ሻጩን ‹‹ውኃ ያስገባል?›› ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ ቁጥሩን በመመሪያው ላይ እንዲያሳየው ቢጠይቅ፣ 8 ከሆነም ለስንት ሜትርና ለስንት ደቂቃ እንደሆነ ቢያነብ ይሻላል። ቁጥር ሳይኖረው ‹‹ውኃ የማይበግረው›› ብቻ የተጻፈበት ዕቃ የትኛውን ፈተና እንዳለፈ አልገለጸም።

ስልኩ ከራሰ በኋላም ብዙ ሰው የሚቸኩለው ወደ ሩዝ ከረጢት ነው። አፕል በ2024 መጀመሪያ ለደንበኞቹ ባወጣው ምክር ይህን እንዳያደርጉ አሳስቧል፤ የሩዙ ብናኝ ስልኩን ሊጎዳው ስለሚችል። የሚመከረው መሰኪያውን ወደ ታች ይዞ በመዳፍ ቀስ ብሎ መታ መታ እያደረጉ ውኃውን ማስወጣትና ነፋስ በሚያገኘው ደረቅ ቦታ ማስቀመጥ ነው። ቻርጀር የሚሰካው ቢያንስ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው፤ ስልኩ አሁንም እርጥበት አለ ካለ ሙሉ ለሙሉ እስኪደርቅ እስከ አንድ ቀን ሊወስድ ይችላል።